ላም አትናገርም

ኬላ ላይ አስወርደውኝ ቦርሳዬን አስፋልቱ ላይ ገለበጡት። ሲሪንጆቹ ተበተኑ፤ የመድኃኒት ብልቃጦቹ እየተጋጩ እስከ መንገዱ ዳር ተንከባለሉ። ከቆላ ድባ ወደ ጎንደር እየተመለስን ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የቀሩት ተሳፋሪዎች በመስኮት ያዩኛል፤ ቀና ስል ግን ሁሉም ወደ ሌላ ዞሩ።

«ይኼ ለማን ነው?» አለኝ ፈታሹ።

«ለከብት።»

«ለየትኛው ከብት?»

ከኋላው የቆሙት ሳቁ። የእንስሳት ሐኪም መሆኔን የሚገልጸውን መታወቂያ ሰጠሁት። ገልብጦ አየውና፣ «በዚህ መርፌ ሰው አይታከምበትም? የቆሰለ ታጣቂ?» ሲል ጠየቀኝ። ይታከምበታል። ውሸት መናገር አልቻልኩም፤ እውነቱን መናገርም ፈራሁ፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። በተፈጥሮዬ ሰው ፊት ቃል ይጠፋኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ አንዱ መምህር ድምፄን ለመስማት ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ ነበር። ያን ቀን ኬላው ላይ ዝምታዬ እንደ መልስ ተቆጠረ። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ።

ያስገቡኝ ከከተማው ዳር ያለ የእህል መጋዘን ነው። እህሉ ወጥቶ ሰው ገብቶበታል። መሐሉን እስከ ጣሪያው ግማሽ ድረስ የተከመረ ማዳበሪያ ከረጢት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከክምሩ ወዲያ ወንዶች፣ ከክምሩ ወዲህ እኛ ሴቶች። አንዱ ወገን ሲያስል ሌላው ወገን ይሰማል። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ደግሞ ብርዱ ከሲሚንቶው ወለል ወደ ጎናችን ይወጣል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ከድሮ የቀረ ጤፍ አለ። የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ውኃ ቢጠጡም አይለቅም። ለሁላችንም አንድ ባልዲ፣ በሩ አጠገብ።

አጠገቤ የምትተኛው ከደምቢያ የመጣች ጠና ያለች ሴት ናት። ልጇን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘው «ሲመጣ ትለቀቂያለሽ» አሏት። እንዳይመጣ ትጸልያለች። ከእሷ ቀጥሎ ከተማ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ሴት አለች፤ ምላሷ እንደ መቀሷ ነው። የሰፋችውን ሱሪ ማን እንደለበሰው ሲጠይቋት፣ «እኔ ወገብ እለካለሁ እንጂ ልብ አልለካም» ብላ መልሳ ነው የገባችው። ሌሎችም ነበሩ፤ የማስታውሰው ግን በብዛት የሁለቱን ድምፅ ነው።

ሙያዬን እንደሰሙ ደምቢያዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንች ሐኪም፣ ላም ነው አሉ የምታክሚው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሸጋ ነው። ሰው ከማከም ይሻላል። ላም አታማ፣ ላም አትከስ።» ትንሽ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንዲት ጊደር አለችኝ። ዕድሜዋ ደርሷል፤ ጓደኞቿ ወልደዋል። እሷ ኮርማ ሲቀርባት ዞር ብላ ሣሯን ትግጣለች። ባሌ እንሽጣት ይላል፤ እኔ እንቆይ እላለሁ። ምነው እንዲህ ሆነች?»

«መንታ ናት?»

አፏን ያዘች። «ማን ነገረሽ?»

«መንታዋ ወንድ ነበር?»

«ወይፈን ነው። አሁን ጠምደነዋል። አንች ጠንቋይ ነሽ ወይስ ሐኪም?»

ስለ ከብት ሲሆን ድምፄ አይጠፋም። ነገርኳት። ላም ወንድና ሴት መንታ ስታረግዝ የሁለቱ እንግዴ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይገጣጠማል፤ የደም ሥራቸውም ይገናኛል። የወንዱ የዘር ፍሬ ቀድሞ ይሠራና ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል። ሆርሞን በደም የሚላክ መልእክት ነው፤ ለወንዱ አካል የተላከው መልእክት በተገናኘው ሥር አልፎ ለእኅቱም ይደርሳል። የእሷ የእንቁላል እጢ ገና ሳይበስል ይቆማል፤ ማኅፀኗም ሳያድግ ይቀራል። ከላይ ስትታይ ጊደር ናት። ግን አትወልድም።

«አትወልድም?»

«አዝናለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ለሥጋ ነው» አለች። ጋቢዋን እስከ አገጯ ሳበች።

በማግስቱ ጧት አንዲት ልጅ አመጡ። ረጅም ናት፤ በሩን ስትገባ ጎንበስ አለች። ሻሿን በአገጯ ሥር አጥብቃ አስራዋለች፤ ለብርድ ያሰረችው አይመስልም። በደባርቅ መንገድ ካለ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አውርደዋት ነው። ሴት መስሎ የሚሄድ ታጣቂ ነው ብለው። ጥበቃችን የሆነችው ፖሊስ ይዛት ገብታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለሁላችን በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«መታወቂያዋ ሴት ይላል። እኔም ፈትሻታለሁ።» ከንፈሯን አጣመመች። «ሴትም አይደለች፣ ወንድም አይደለች። እስኪለይ እዚህ ትቆይ።»

በሩ ተዘጋ። ልጅቷ የቆመችበት ቦታ ባዶ ሆኖ ሰፋ፤ ሁሉም እየተሳበ ሸሻት።

«ወንድ ቢሆንስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቢሆንስ ምን ሊወስድብሽ?» አለ ከክምሩ ወዲያ አንድ የወንድ ድምፅ። ወዲያ ማዶ ሳቁ። እኛ ዘንድ ማንም አልሳቀም።

ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም። የሚጠይቃት ቢኖር በራስ ንቅናቄ ትመልሳለች፤ ካልሆነም በሹክሹክታ። ባልዲው ከጎኗ ሆኖ አልተጠቀመችበትም፤ ጉልበቷን አቅፋ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ነበር። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አያነሳውም።

ከሰዓት በኋላ ደምቢያዋ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ብዙ ስታስብ እንደቆየች ያስታውቃል።

«አንች ልጅ። መንታ ነሽ?»

ልጅቷ እንደ መደንገጥ አለች። «ነበርኩ።»

«ወንድ?»

«ወንድ። የተወለድን ዕለት ነው የሞተው።»

ደምቢያዋ ጭኗን መታች። «አላልኳችሁም! ጊደሬ ናት! ያችው ጊደሬ!»

«እንዴት ማለት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሐኪሟ ትናንት ነገረችን እኮ። ወንድሟ ነው ሆድ ውስጥ ያበላሻት። ሴት ናት፤ ሴትነቷ ሳይበስል ቀርቶባት ነው።»

«እህ። እንግዲያ ወንድ ከሚመጣብን ጊደር ይሻላል።» ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ከረጢቷን ጎተተችና በእሷና በደምቢያዋ መካከል ቦታ ከፈተች። «ነይ ወዲህ፣ ጊደሪቱ። እዚያ ስትሸቺ አትዋይ።» ሌላ ሴት ደግሞ ነጠላዋን አውልቃ በባልዲው ፊት እንደ መጋረጃ ዘረጋችላት።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንዳረጋግጥ። ስህተት መሆኑን አውቃለሁ። በሰው ዘንድ የመንታ ደም እንደ ከብት አይገናኝም፤ ወንድም እኅቱን በዚያ መንገድ አይለውጥም። አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ የመሽናቷ ድምፅ ይሰማል፤ ረጅም ጊዜ የቆየ ድምፅ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ስትመጣ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። ሴቶቹ የእፎይታ መሰላቸው። ሌሊቱን ግን ስታለቅስ አደረች።

ፖሊሷ በሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በማግስቱ ሳይመሽ ኃላፊው ዘንድ ተጠራሁ።

ቢሮው የመጋዘኑ የሚዛን ክፍል ነው። ትልቁ የእህል ሚዛን ጥግ ላይ እንደቆመ አለ። ኃላፊው ፂሙን ያልተላጨ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። አልጮኸብኝም። እንዲያውም ሻይ እንዲመጣልኝ አዘዘ፤ ሻዩ ግን አልመጣም።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ። «እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ወንድ ነው ሴት ብለው ከላይ በየሰዓቱ ይጠይቁኛል። ሆስፒታል የምልክበት መኪናም አጃቢም የለኝም። ውሰጂና እዪ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ቃል እፈልጋለሁ። ወንድ ከሆነ ክምሩን ይሻገራል።»

ክምሩን መሻገር ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሴት ልብስ ለብሶ የተያዘ ታጣቂ ሆኖ ነው የሚሻገረው፤ ምርመራው የሚካሄደው ደግሞ በዚያ ወገን ነው። ማታ ማታ በክምሩ ላይ አልፎ የሚመጣውን ድምፅ እንሰማ ነበር።

«እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም።»

«ወንድና ሴት በሰውና በከብት ይለያያል እንዴ?» መልስ አልጠበቀም። «ካገዝሽን ያንቺንም ጉዳይ እናያለን።»

በሩ አጠገብ፣ ክምሩ ከግድግዳው በሚርቅበት ቦታ፣ ሁለት ሰው ተጣቦ የሚቀመጥበት ጓዳ የመሰለ ክፍተት አለ። ፖሊሷ ሁለታችንን እዚያ አስገብታ ጀርባዋን ሰጠችን። ከላይ በተቀደደው ቆርቆሮ የሚገባው ብርሃን ከረጢቶቹ ላይ አርፏል። ልጅቷ ምንም ሳልላት የሸሚዟን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። ጣቶቿ ብዙ ጊዜ የሠሩት ሥራ ነው።

«ተይው» አልኳት።

«ሁሉም አይቷል» አለች በሹክሹክታ። «አማቴ አየችኝ፤ ያን ዕለት ወደ አባቴ ቤት መለሰችኝ። ጠበል ቦታ አዩኝ። ጤና ጣቢያ የሄድኩ ጊዜ ነርሱ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። ኬላ ላይ አዩኝ። አንቺ ጨዋ ነሽ። ካንቺ ይሻለኛል፤ ብቻ ቶሎ በይ።»

ጊደር ሲያመጡልኝ ማየት ሥራዬ ነው። ጅራቷን ገለል አድርጌ፣ በጓንት ለክቼ፣ በዚያው ቅጽበት እናገራለሁ፤ ባለቤቱም ገመዱን ይዞ ወደ ገበያ ወይም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ባይም የማየው አይነግረኝም። ከዚያም በላይ፣ ያያት ሰው ሁሉ አንዳች ነገር ወስዶባት ሄዷል። እኔ ምን ልጨምርላት ነው?

«ቁልፉን መልሺው» አልኳት። ከረጢቱን ተደግፌ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም ፊታችን ወደ ግድግዳው ነው። «እጠይቅሻለሁ። የፈለግሽውን ብቻ መልሺ።»

የወር አበባ አይታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ አላየችም። ያዞርሻል ወይ፣ ያስመልስሻል ወይ፣ ጨው አብዝቶ ያምርሻል ወይ አልኳት። የጨው ነገር ገረማት፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ። የለም አለች።

«ድምፅሽ የተለወጠው መቼ ነው?»

ከከረጢቱ አንድ ክር መዘዘች።

«ጓደኞቼ ጡት ሲያወጡ እኔ ድምፄ ወፈረ። በዚያው ሰሞን አንዲት ዶሯችን እንደ አውራ ጮኸች። ታውቂያለሽ፣ ሴት ዶሮ ስትጮህ ክፉ ነው። አባቴ ዕለቱን አረዳት። ማታ ወጡ ሲቀርብ እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ ወዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።»

ከክምሩ ወዲያ አንድ ሰው ሳል ይዞት ሲያስል፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲጀምር ሰማን።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ትናንት እንዳሉት ከሆነ ወንድሜ እኔ ውስጥ ነው ያለው? የሱን ድምፅ ወስጄበት ነው የሞተው?»

ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረችው ለዚህ ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «በላም ዘንድ እውነት ነው፤ በሰው ግን አይሆንም። እናትሽ ሆድ ውስጥ የየራሳችሁ ደም ነበራችሁ። አንቺ ከእሱ ምንም አልወሰድሽም፤ እሱም ምንም አላደረገሽም። የሞተው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሕፃናት የሚሞቱበት ምክንያት ብዙ ነው።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ከዚያ የማውቀውን ነገርኳት፤ በቀስታ፣ ለገበሬ እንደማስረዳው። ሁላችንም ስንጀመር አንድ ነን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሆድ ሕፃን ወንድም ሴትም ሊሆን የሚችልበት አካል በእኩል አለው፤ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ናቸው። ከዚያ ዘረመል ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ካለ የዘር ፍሬ ይሠራል፤ ከሌለ የእንቁላል እጢ። የቀረውን የሚቀርጸው በአብዛኛው ሆርሞን ነው። በመንገዱ ላይ ግን ብዙ በር አለ። አንዱ በር ጠንክሮ ከተዘጋ ወይም ያለ ጊዜው ከተከፈተ ሰው በመሐል ባለ መልክ ይወለዳል። አንዳንዷ ማኅፀኗም እንቁላሏም ሙሉ ሆኖ፣ ከኩላሊቷ በላይ ያለችው ትንሽ እጢ የወንድ የሚባለውን ሆርሞን ታበዛባታለች፤ አንዳንዴም ጨው ታስመኛታለች። ሌላዋ በሆዷ ውስጥ የወንድ የዘር ፍሬ ኖሯት፣ ሆርሞኑ ውጫዊ አካሏን ወደሚቀርጸው ጠንካራ ዓይነት ሳይለወጥ ስለቀረ ሴት ሆና ትወለዳለች፤ ስትጎረምስ ድምጿ ይወፍራል። ሁለቱ ከውጭ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

«እኔ የትኛዋ ነኝ?»

«አላውቅም። በዓይን አይታወቅም። በደም ምርመራ ነው። አንቺ ስትፈልጊ ብቻ።»

«ዶሮዋስ?»

«የእንቁላል እጢዋ ታሞ ይሆናል። ዶሮ የምትሠራበት እጢ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ሲደክም ልትጮህ ትችላለች። መርገም አልነበረም። ታማ ነው።»

«ታማ ነው» ብላ ደገመችው። ግድግዳውን እያየች አንድ ሁለት ጊዜ ለራሷ አለችው።

«አንቺስ ራስሽን ምን ትያለሽ?» ስል ጠየቅኋት። ማንም ጠይቋት አያውቅም መሰለኝ፤ ዞራ አየችኝ።

«ሴት ነኝ» አለች። «ሌላ ሆኜ አላውቅም።»

ኃላፊው ሚዛኑን ተደግፎ ጠበቀኝ። ፖሊሷ ከኋላዬ ቆመች።

«አየሻት?»

«አላየኋትም።»

«አላየኋትም?» ፖሊሷን አያት። እሷ ጣሪያውን አየች። «ታዲያ እዚያ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?»

«ሴት ናት።»

«ሳታዪ?»

የቀሚሴን ጫፍ ጨበጥኩ።

«ማየት አይነግረንም። ሴት ሆና አድጋለች፤ ሴት ነኝ ትላለች። ከዚያ ያለፈው የሆስፒታል ነው፣ እሷ ስትፈቅድ።»

«ገበሬ ጊደር ሲያመጣልሽም ሴት ነኝ ብላለች ነው የምትይው?»

«ላም አትናገርም» አልኩት። «እሷን ግን ጠየቅኋት።»

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጮክ ያለ አልነበረም፤ ግን ተሰማ። ኃላፊው ሚዛኑን ለቆ ቀና አለ። የሚያስፈራው አለመቆጣቱ ነበር። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና ለፖሊሷ፣ «መልሻቸው» አለ። እኔን ደግሞ፣ «ያንቺ ጉዳይ እንዳለ ነው» አለኝ። እንዳለም ቆየ።

ስንመለስ ሴቶቹ ከበቡን። ያኔ ስለ ጊደሯ እውነቱን ነገርኳቸው። ደምቢያዋ ግንባሯን ቋጠረች።

«መንታው አይደለም?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«ያን ሁሉ ተምረሽ አላውቅም ትያለሽ?»

«እላለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ልጅቷ የተኛችበትን ቦታ አየች፤ ከዚያ የራሷን። ከረጢቷን መልሳ ልትስብ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «እኔ እንግዲህ አንዴ ቦታዬን አሙቄያለሁ» አለችና ተኛች።

ደምቢያዋ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አደረች።

ልጅቷ ከእኛ ጋር የቆየችው አንድ ሳምንት ያህል ነው። ሰው ፊት መብላት ጀመረች። አንዳንዴ ፈገግ ትላለች። ድምጿን ግን አላወጣችም። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ፖሊሷ በሩን ከፍታ ወደ ሌላ ቦታ እንደምትዛወር ነገረቻት። ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም፤ እዚያ ስትደርስ ደግሞ የሚጠይቃት ሌላ ሰው ነው። እኔ ያተረፍኩላት ያቺኑ ሳምንት መሆኗ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ከወንዶቹ ጋር ነው የምትጫነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ፖሊሷ ወደ ውጭ አየት አድርጋ መለስ አለች። «ጋቢና ነው። ከእኔ ጋር። ኃላፊው ነው እንዲያ ያለው።»

ልጅቷ ለመነሳት ስትል ደምቢያዋ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ቆይ አንች። እንዲህ ሆነሽ ነው የምትወጪው?» ሻሿን ፈታችው። ፀጉሯ ረጅም ነበር፤ ተንጨባርሯል። ደምቢያዋ በጉልበቷ መካከል አስቀመጠቻት፤ የእንጨት ማበጠሪያዋን ከጉያዋ አወጣች፤ ከቤት ከመጣላት ስንቅ ቆጥባ ያስቀመጠችውን ቅቤ ከላስቲክ ፈትታ በመዳፏ አሟሟች። መሐል ለመሐል ከፈለችና መጎንጎን ጀመረች።

ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

«እትዬ፣ ይብቃ!» አለች ፖሊሷ።

«አልጨረስኩም።»

«መኪናው ቆሟል እኮ!»

«ይቁም። ግማሽ ራሷ የተሠራ ልጅ ከቤት አትወጣም። አንች እናት የለሽም?»

መኪናው ደግሞ ነፋ። ፖሊሷ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባች፤ ሁላችንም የምትጎትታት መስሎን ተነሳን። እሷ ግን በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ መቀርቀሪያው ላይ ተደገፈች። ጠበቀች። የማበጠሪያው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ደምቢያዋ እየሠራች በልጅቷ ጆሮ የሆነ ነገር ትናገራለች። የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው፤ «…ለሥጋ ያልኩትን ይቅር በይኝ።»

ስትጨርስ ልጅቷ ተነሳች። ሻሹን አጥፋ በእጇ ያዘችው እንጂ አላሰረችውም። ከአገጯ በታች ሻሹ ሲሸፍነው የነበረው ፂም ከበሩ በሚገባው ብርሃን ታየ፤ ከላይ ደግሞ ቅቤው የሚያበራ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ሹሩባ። ደፍ ላይ ደርሳ ዞረች።

«ደህና ሰንብቱልኝ፣ እናቶቼ» አለች።

በሙሉ ድምጿ። ወፍራምና ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፤ መጋዘኑን ሞላው፤ ቆርቆሮው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ከክምሩ ወዲያ የነበረው ሳልና ወሬ ቀጥ አለ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ፣ ምናልባት ያው በመጀመሪያው ቀን የቀለደው ሰው፣ መለሰላት።

«እግዜር ይከተልሽ፣ እኅቴ!»

በሩ ተዘጋ።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ለምን እንደተያዝኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተለቀቅኩም አልነገሩኝም። መድኃኒቶቼ አልተመለሱልኝም። አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ጊደር ሲያመጡልኝ አያለሁ፣ እናገራለሁ። ከደምቢያዋ ጋር አንድ ቀን ቆላ ድባ ገበያ ተገናኘን። ልጇ አልተገኘም፤ እሷን ሲሰለቻቸው ለቀዋታል። ጊደሯን ሸጣታለች። «ምን ላድርግ፣ ክረምት መጣ» አለችኝ፤ ከዚያ እጄን ሳትለቅ፣ «ያች ልጅስ?» አለች። ወሬዋን አልሰማሁም። ጠይቄ ነበር፤ የምጠይቅበት ሁሉ እኔን መልሶ ስለሚጠይቀኝ አቆምኩ።

ዘንድሮ ጥምቀት ላይ ጥምቀተ ባሕሩ ወዳለበት ቀሐ ወረድኩ። ሰው ብዙ ነበር፤ ግንቡ ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ መንገዱ ላይ ሰው ነው። ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ነጭ ለብሰው፣ እየጨፈሩ በፊቴ ያልፋሉ። መጀመሪያ ረጅሟን ልጅ ስፈልግ ራሴን ያዝኩት፤ ፊት ለፊት፣ አገጭ ለአገጭ እያየሁ። ደግ አልመሰለኝም። ግንቡን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከበሮው ሲመታ፣ ቀጭኑ የልጃገረዶች ድምፅ ተቀብሎ ሲያወጣ፣ ከሥሩ አንድ ወፍራም ድምፅ ይኖር እንደሆነ አዳምጣለሁ። በየጭፈራው። አልፈው እስኪሄዱ ድረስ።